የአጎቴ ሲጋራ

ሐምሌ 4
ጠዋት ጠርሙስ አጠብኩ። ከሰዓት መለያ ወረቀት ለጠፍኩበት። እንደ ወትሮው። አጎቴ የሸንኮራ አረቄ፣ የሩም መጥመቂያ ከገባሁ ስንት ዓመት ሆነኝ፤ ምላሴን ግን የሚያምን የለም። የሚታመነው ጣቴ ብቻ ነው፣ መለያ ቀጥ አድርጌ ስለምለጥፍ!

ግን ዛሬ በርሜሌ መጣች!! አጎቴን ስጨቀጭቅባት የከረምኩባት። የስኮትላንድ ውስኪ የኖረባት የእንጨት በርሜል። እዚያ ገብሱን የሚያደርቁት ከረግረግ ቆፍረው ያወጡትን አፈር አንድደው በጭሱ ነው። ውታፏን ስነቅለው... ኡፍ! ዝናብ የመታው ምድጃ ሽታ። ወደድኳት።

አጎቴ አፍንጫውን ያዘ። "ሰው ጭስ ሊጠጣ ነው እንዴ?"

"ጋሼ፣ አንዴ ብቻ እመነኝ።"

በስንት ልመና እሺ አለ። ከቆየው ሩማችን ሞላንባት። ግን በቤቱ ሕግ ነው፦ የቅምሻው ቀን እስኪደርስ ማንም አይነካትም። በቀኑ በባዶ ሆድ፣ ያለ ወሬ ይቀመሳል። አጎቴ ብርጭቆውን ቀና አድርጎ ካስቀመጠው፣ አለፈ። በአፉ ከደፋው... ሩሜ ተራው ታንክ ውስጥ ይደባለቃል፣ እኔም ወደ ጠርሙሴ። ሁለተኛ የበርሜል ነገር እንዳላነሳ አስምሎኛል።

ኅዳር 11
ጎድላለች! በዱላ ለካኋት... ጎድላለች። እንጨት ትንሽ ትንሽ እንደሚጠጣ አውቃለሁ። ይሄ ግን የእንጨት ጥማት አይደለም። ዙሪያዋን ዳበስኩ፣ ወለሉን አየሁ። ደረቅ።

"አላልኩሽም? አሮጌ ዕቃ ነው" አለ አጎቴ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ። በርሜል ጠጋኝ አስጠራሁ።

ኅዳር 14
በርሜል ጠጋኙ መጣ። ጆሮውን ለጠፈባት፣ አንኳኳት፣ ቀለበቶቿን አንድ በአንድ ዳበሰ። "ከኔም ከአንቺም ትሻላለች። ጠብታ አልፈሰሳትም" አለኝ። ታዲያ የት ገባ?

ኅዳር 20
አክስቴ፣ የአጎቴ ሚስት፣ እያለቀሰች ደወለች። ሰውዬው ሲጋራ ጀመረ! ሳንባውን ሲታመም ምሎ የተወውን...

"አፉ ጭስ፣ ካፖርቱ ጭስ! ኪሱን ገልብጬ ፈተሽኩ፣ ክብሪት እንኳ የለም። የት ነው የሚደብቀው?"

"ኧረ አክስቴ፣ እሱ አያደርገውም።"

"በቃ፣ የአይጥ ምስክር ድንቢጥ! እውነቱን ካልነገረኝ ጨርቄን ሰብስቤ እህቴ ጋ ነው የምሄደው።"

እሱስ ምን ይላል? አላጨስኩም ይላል አለችኝ። ሽታው ከየት መጣ ስትለው፣ ካፖርቱን አንሥቶ ይወጣል።

ኅዳር 21
ኧረ ጉድ! ጉድ ነው የፈላው!!

ጠዋት ካፖርቱ መስቀያው ላይ ነበር። ማንም እንዳያየኝ ዞር ዞር ብዬ አሸተትኩት። ትምባሆ? ምን ትምባሆ! እጅጌው ላይ ፈሶበታል... ሞላሰስ፣ እርጥብ እንጨት፣ ዝናብ የመታው ምድጃ። የኔዋ በርሜል!

ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ሕጉን ያወጣው ሰውዬ፣ እኔ መለያ ስለጥፍ እየሾለከ ይቀምሳል! ብቻዬን ስቄ ስቄ እንባዬ መጣ። ወዶታል! ካልወደደው ለምን ይመላለሳል? ወይስ... የሚደፋበትን ሰበብ እየፈለገ ነው?

ለአክስቴ ልንገራት? ብነግራት እሱ ይዋረዳል፣ በንዴት ብርጭቆውን ይደፋዋል። ባልነግራት ሴትዮዋ ሻንጣ አውጥታለች። ቅምሻው ከነገ ወዲያ ነው። እስከዚያ ዝም አይነቅዝም። አክስቴን ግን ለቅምሻው ጠራኋት። ሰው መጥራት በሕጉ አልተከለከለም!

ኅዳር 23
የቅምሻው ቀን!

ሦስታችን ነን። ባዶ ሆድ፣ ወሬ የለም። አክስቴ አኩርፋ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች፣ ሻንጣዋ እግሯ ሥር። አጎቴ ቀዳ። መጀመሪያ ጣፋጭ ነው... የተቃጠለ ስኳር፣ የበሰለ ሙዝ። ዋጥ ስታደርገው ጭሱ ከኋላ ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ጉሮሮ ላይ ይቆያል፣ ጨው ጨው ብሎ ይሄዳል። አምላኬ! ይሄን የሠራሁት እኔ ነኝ? እኔ!

አጎቴ ብርጭቆውን አልደፋም። ቀና አድርጎም አላስቀመጠም። እንደያዘው ቀረ። እኔን አየ፣ በርሜሏን አየ፣ ሻንጣውን አየ። ከዚያ ተነሥቶ ሄደና ብርጭቆውን ለአክስቴ ሰጣት።

"ሲጋራዬ ይኸውልሽ።"

አሸተተችው። እሱን አየችው። ደግማ አሸተተች።

"አንተ! ለዚህ ነው ይሄን ሁሉ ቀን ያስለቀስከኝ?"

"ልጅቷ እንዳትሰማ ብዬ ነው። ሕጉን ያወጣሁት ራሴ... በምን ዓይኔ አያታለሁ?" አለ፣ አንገቱን ደፍቶ።

አክስቴ ጭልጥ አደረገችው! አሳላት፣ ዓይኗን ጠረገች፣ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ቀና አድርጋ አስቀመጠችው። "ድገመኝ" አለች። አጎቴም እንደቆመ ቀዳላት፤ አለፈ! እልል ማለት አማረኝ፤ አልኩም! ሁለቱንም በአንድ ላይ አቀፍኳቸው። ሻንጣውን እኔ ተሸክሜ ቤት አደረስኩላት። ባዶ ነበር፣ የኔ ተንኮለኛ።

ታኅሣሥ 9
አጎቴ ከመለያዬ ላይ ጠራኝ። ሁለት ብርጭቆ ቀድቶ ይጠብቀኛል። አዲሱ ቅልቅል ነው፣ የራሱ፣ ሳምንቱን ሙሉ ሲኮራበት የሰነበተው። በባዶ ሆድ፣ ያለ ወሬ ቀመስኩ። እስከ መጨረሻው ጠጣሁት። አሰብኩ፣ አሰብኩ...

ብርጭቆዬን በአፉ ደፋሁት።

የገዛ እጄ አስደነገጠኝ። አጎቴ የተደፋውን ብርጭቆ አየው፣ ብዙ አየው። ከዚያ ወንበር ሳበልኝ።

"እሺ፣ ተቀመጪ። ምኑ ነው የጎደለው?"