ከደጄ ክምር በተዛቀ እበት በሬዬ ስለተፈረደበት

ይህን የምናገረው እኔ ኢተፋ ነኝ፤ ብዕሩን የያዘችው የልጄ ሚስት ጂቱ ናት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። የፊደል ስህተት ቢገኝ የእርሷ ነው፤ ድፍረት ቢገኝ የእኔ ነው።

ለተከበሩ የ«ንጹሕ ጉበት» ፕሮጀክት አስተባባሪ፣

አካም ጅርቱ? እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ መኪናዎ፣ ያ ብዙ የተወራለት የመመርመሪያ መሣሪያዎም እንደምን ሰነበታችሁ? ጉበትዎ ጤና እንዲሆንልዎ ከልቤ እመኛለሁ። የበሬዬን የዳማን ጉበት ነገር ግን የሱሉልታ ሰው ሁሉ ከእኔ ቀድሞ ስለሰማ፣ በእርሱ በኩል ምኞት የሚያስፈልገኝ አይመስለኝም።

አንደኛ፣ ስላከበራችሁን አመሰግናለሁ። እኛ የጉበት ትልን የምናውቀው ከብቱ ታርዶ ጉበቱ ሲሰነጠቅ ነበር። የእርስዎ ሰዎች ግን ትሉ በእበት ውስጥ የሚጥለውን፣ ዘረ መል የሚሉትን በዓይን የማይታይ ምልክት ፈልገው፣ ከብቱ በቁሙ ሳለ እናውቃለን አሉን። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። የመጣው ጎልማሳ ነጭ ጋዋን ለብሶ ነበር። መጀመሪያ የጠየቀው ስሜን ነው። በእኛ አገር ጋዋን የለበሰም መሬት ሊለካ ሜትር የያዘም መጀመሪያ የሚጠይቀው ስም ስለሆነ ያን ጊዜውኑ ልቤ ጠረጠረ።

ሁለተኛ፣ ዋናው ይህ ነው፤ ጂቱ፣ በደንብ ጻፊው። ዳማ ድልብ በሬ ነው። ለፋሲካ ቅርጫ ብዬ ከጓሮ አስሬ ፋጉሎና ፍሩሽካ አበላዋለሁ፤ የሚጠጣውም የቧንቧ ውኃ ነው፤ ትሉ አለበት የሚባለውን ረግረግ መስክ ከታሰረ ወዲህ ረግጦ አያውቅም። የእርስዎ ሰው ግን በሬውን ሲያይ ቀንዱ ረዘመበት መሰለኝ፣ ወደ ጓሮ አልገባም። ከበሩ አጠገብ ካለው የእበት ክምር በማንኪያ ዝቆ በብልቃጥ አደረገና «ኢተፋ» ብሎ ጻፈበት። ያ ክምር የጂቱ ነው። ጠዋት ጠዋት ከመስኩ፣ የሰፈሩ ከብት ሁሉ ከሚውልበት፣ በቅርጫት እየለቀመች ኩበት ልትጠፈጥፍ ያከማቸችው ነው። መሣሪያዎ አልዋሸም፤ መሣሪያውን አልከስም። የሰፈርን እበት በአንድ በሬ ስም ያጎረሰው ሰው ነው።

ሦስተኛ፣ ውጤቱ ለእኔ የመጣ ዕለት ጠዋት፣ ወረቀቱ ገና ሳይደርሰኝ፣ የከብት ነጋዴው ወንዳፍራሽ ከቡራዩ መጥቶ አጥሬ ላይ ተደግፎ «ኦቦ ኢተፋ፣ ትላም በሬ ማን ይገዛዎታል? ለእኔ ይልቀቁት» አለኝ። ለዚህ ፍጥነት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የበሬዬን ሕመም ለነጋዴ ነግሮ ለባለቤቱ የሚያዘገይ ቢሮ ሌላ አገር ይኖር እንደሆነ ቢጠቁሙኝ ደስ ይለኛል። በየዓመቱ በእኔ በሬ ቅርጫ የሚገቡት ጎረቤቶቼም አንድ በአንድ «ዘንድሮ ዶሮ ይበቃናል» እያሉ ወጡ። ትናንት ተረፈች እንኳ፣ የክርስትና ልጄ፣ ዳማን አይታ አማተበች። በሬዬን! እንደ ሰይጣን!

አራተኛ ልል ነበር፤ ጂቱ ግን እዚህ ላይ ብዕሩን አቆመች። ምን ሆንሽ ብላት «አባባ፣ ክምሩ የመስክ ከሆነ ትሉስ የማን ነው?» አለችኝ።

ክቡር ሆይ፣ እኔ ስለ በሬዬ ስም ስጮህ ይህን አላሰብኩትም። የጂቱ ላም ዳለቻ በየቀኑ መስክ ትውላለች። ወተቷ ከቀነሰ ሰነበተ፤ ከመንጋጋዋ ሥር እንደ ከረጢት ያለ እብጠት ወጥቷል። ጥርስ ነው ብዬ ነበር። የልጅ ልጆቼ የሚጠጡት ከእርሷ ነው። እናንተ የእኔን በሬ ታማሚ ብላችሁ ጉዳዩን ዘጋችሁ፤ የታመመችው ቆማ ትጠብቃለች።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህ ነው። የዳማ ስም ይቆይ፤ መጀመሪያ መድኃኒት ይዛችሁ ለዳለቻ ኑ። ከዚያ የመስኩን ከብት ሁሉ፣ እያንዳንዱን ከራሱ፣ ጓንት አጥልቃችሁ መርምሩ። ዳማንም ጨምሩ፤ እኔ ቀንዱን እይዝላችኋለሁ።

ከረጅም ዕድሜ፣ ከሰፊ ቢሮና ከማያልቅ ስብሰባ ጋር መልካሙን ሁሉ የምመኝልዎ፣ ጓሮዬ ያልተረገጠብኝ አክባሪዎ፣
ኢተፋ (የጣት አሻራ)

ማስታወሻ፦ እስከ ጸሎተ ሐሙስ ካልመጣችሁ ዳማ በፋሲካ ሌሊት ይታረዳል። ጉበቱ በሰፈሩ ሰው ፊት ይሰነጠቃል፤ ንጹሕ ከሆነ የመጀመሪያውን ቁራጭ በጥሬው የሚጎርሱት እርስዎ ነዎት። ወንዳፍራሽንም ይዘውት ይምጡ፤ መንገዱን ያውቀዋል።

በቃ ጂቱ፣ አሁን ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። ያለዘብሽው ቃል ካለ በድምፅሽ አውቃለሁ። የዳለቻ ጋ ስትደርሺ ግን ቀስ በዪ።