ሠራተኛ ሲታመም በር ይዘጋ

ቀን፦ ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክሊኒካችን ሥራ አስኪያጅ
ለዶ/ር ስጦታው አምላኩ
ቢቸና

ጉዳዩ፦ የታመመ ሠራተኛ የሚታከምበት ደንብ እንዲወጣ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች ዘመነ ታደለ የክሊኒኩ ካርድ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ባለፈው ሰኞ ብጉንጅ ወጥቶብኝ መቀመጥ ስላቃተኝ ሲስተር ወይንእሸት ዘንድ ለመታከም ገብቼ ነበር። የወጣበትን ቦታ በዚህ ማመልከቻ መግለጽ አያስፈልግም፤ ያላየው ሠራተኛ የለም።

1. በአገራችን የታመመን ሳይጠይቁ ማለፍ ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ እኔም ጠያቂ ነኝ። ሆኖም በሆዴ ተኝቼ፣ ሲስተርም ምላጭ ይዛ ሳለች፣ ባልደረቦቼ ተራ በተራ እየገቡ እግዜር ይማርህ ሲሉኝ አሜን ያልኩት ለትራሱ ነው። ሲስተርም እንግዳ በገባ ቁጥር ምላጩን አስቀምጣ ወንበር ታቀርብ ነበር።

2. የጥበቃ ሠራተኛው ጋሽ ፋንታ መነጽራቸውን አድርገው፣ ቀረብ ብለው ካዩ በኋላ «ገና ነው፤ አልበሰለም» ብለው ፈረዱ። ክርክር ተነሣ። ተራ ይጠብቁ የነበሩ እናቶችም የሰዉን ብዛት ሲያዩ ለቅሶ መስሏቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። እርስዎም ብርቱካን ይዘው መምጣትዎን በምስጋና አስታውሳለሁ፤ የጋሽ ፋንታን ሐሳብ መደገፍዎ ግን ቅር አሰኝቶኛል። በዚህ ሁኔታ ብጉንጁ ሳይከፈት ጉባኤው ተበተነ።

3. በመጨረሻ የገባችው የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ወ/ሪት ጸደንያ ናት። ለወላጆቿ ሽማግሌ ልልክ አስቤ ስለነበር መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሷ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ጠየቀችኝና ወጥታ በሩን ዘጋች። ቀበቶዬን እስካስር ድረስም ደጅ ቆማ የመጣውን ሁሉ መለሰችልኝ። እንደዚያ ቀን ተከብሬ አላውቅም።

ስለዚህ የታመመ ሠራተኛ ሞጣ ባለው ቅርንጫፋችን እንዲታከም፣ የሞጣዎቹም ወደ እኛ እንዲመጡ፣ ጥየቃም ታማሚው ሱሪውን ከታጠቀ በኋላ ብቻ እንዲሆን በደንብ ይወሰን ዘንድ አመለክታለሁ። ጋሽ ፋንታም ከበር ሥራቸው ውጭ አስተያየት እንዳይሰጡ በትሕትና ይነገራቸው።

ለእኔም ነገ ሞጣ ሄጄ እንድታከም፣ ወ/ሪት ጸደንያም እንድታስታምመኝ ፈቃድ እንዲሰጠን እለምናለሁ። እሷን ጠይቄያታለሁ። «የምሄደው እስከ ሞጣ ድረስ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ ከተቀመጥክ ነው» ብላኛለች።

ብጉንጁ የፈለገውን ይበል፣ እቀመጣለሁ።

ለጊዜው ቆሜ ከማቀርበው የአክብሮት ሰላምታ ጋር
ዘመነ ታደለ
(ፊርማ)