ጥቀርሻው የማን ነው?

ግንቦት 4፣ ሰኞ

ሙቀቱ ጀመረ። ከዛሬ ጀምሮ አልጋችን ደጅ ወጥቷል፤ ልጄ ሃና ከግንቡ ጥግ፣ እኔ ከበሩ አጠገብ። የሆቴሉን አንሶላ በጠዋት አጥቤ ሰቀልኩ። ገመዱ ሁሉ ነጭ በነጭ... ሲያዩት ደስ ይላል።

ጎረቤቴ ሳምሶን ለሥራ ሲወጣ በአንሶላዎቹ መሐል ጎንበስ ብሎ አለፈ። «እትዬ ዓባይነሽ፣ ሠርግ አለ እንዴ?» አለኝ። የሳምንት ሸሚዙን በፌስታል አንጠልጥሎ ሰጥቶኝ ሄደ። ወደብ ውስጥ ጸሐፊ ነው። ከነጭ ሸሚዝ ሌላ አይለብስም። በአሰብ ሙቀት፣ ከነኮሌታው! ወይ ጉድ።

ሃና ከትምህርት ቤት ፊቷን አጥቁራ መጣች። ክርክር ደርሷታል። «ለዓለም አየር መበከል ተጠያቂዎቹ ያደጉት አገሮች ብቻ ናቸው» ነው ርእሱ። ዕጣ ሲወጣ «አይደሉም» ብሎ የሚከራከረው ጎን ደረሳት።

«እማዬ፣ ለአሜሪካ ጥብቅና ልቆም ነው እኮ!» ብላ አለቀሰች።

ሳቄ መጣ። እሷ ፊት ግን አልሳቅኩም።

ግንቦት 7፣ ሐሙስ

ዛሬ ብግን አልኩ። አንሶላ ደርቋል ብዬ ላነሣ ብወጣ... ጥቀርሻ። ሁሉም ላይ ጠብ ጠብ ብሏል። ላራግፈው ብነካው ይባስ ተቀባ። ቀና ስል ወደቡ ላይ አንድ መርከብ ጥቁር ጭሱን ይተፋል። የደረቀ ሳል እንደያዘው ሰው፣ ቆም እያለ።

እንደገና ነከርኩ። በረኪናው እጄን ላጠው። ለሆቴሉ በሰዓቱ አልደረሰም።

አመሻሽ ላይ የሆቴሉ ኃላፊ አቶ ጫኔ ራሱ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ፣ «ወይዘሮ ዓባይነሽ፣ እንግዳው በምን ላይ ይተኛ?» አለኝ። ጥቀርሻውን አሳየሁት። መርከቡንም አሳየሁት። «አየሁ። እንግዳው ግን መርከብ አያይልኝም» አለ። ለዛሬ ማረኝ። ሁለተኛ ከተደገመ አንሶላው ለሌላ አጣቢ ይሄዳል።

ሆቴሉ ከሄደ ምን ይቀረናል? የሳምሶን ሸሚዝ ብቻውን እኔንና ሃናን አያኖረንም... ፈራሁ። በጣም ፈራሁ።

ግንቦት 8፣ ዓርብ

ሳምሶንን ከሥራ ሲገባ በሩ ላይ ያዝኩት።

«ያ መርከብ የማን ነው?»

«የፓናማ ባንዲራ ነው የሰቀለው።»

«እና የፓናማ ነዋ።»

«አይደለም። ባለቤቱ ግሪክ ነው አሉ። መርከበኞቹ ፊሊፒኖች ናቸው። የተከራየው ደግሞ ሌላ ድርጅት ነው።»

«የጫነውስ?»

«የአሜሪካ ስንዴ። ወደ ኢትዮጵያ የሚሄድ፤ ለኛም ዳቦ የሚተርፍ።»

«እሺ፣ ጥቀርሻው የማን ነው?»

ሳቀ። «የነፋሱ ነው እትዬ።»

ነፋስን የት ይከሷል? «አንተስ እዚያው አይደለህም የምትውለው?» ብለው፣ «እኔ ወረቀት ነው የምሠራ፣ ጭስ አላዝም» አለኝ። ሸሚዙ እንደሆነ ንጹሕ ነው። ማን ሆነና ያጠበው!

ሃና አልጋዋ ላይ ሆና ስትሰማን ነበር። ድንገት ተነሥታ እርሳስ ፍለጋ ገባች።

ግንቦት 11፣ ሰኞ

ኦሞ ልገዛ ጎረቤታችን ራዲያ ሱቅ ሄድኩ። ሬዲዮኑ ስለ ጭስ ያወራል። የፈረንጆቹ ዓመት ሳያልቅ ጃፓን ላይ ትልቅ ስብሰባ አለ። ማን ምን ያህል ጭስ ይቀንስ የሚባልበት ነው። ሀብታሞቹ «ሌሎቹም ይቀንሱ» ይላሉ፤ ድሆቹ «እናንተ ናችሁ የጀመራችሁት፤ እኛ ገና መች አነደድን?» ይላሉ።

ራዲያ በሳቅ ሞተች። «ወላሂ እንደኛ ሰፈር ናቸው! አምና ቦዩ ሲዘጋ አንቺ ነሽ፣ አንቺ ነሽ ስንባባል በግማት ልናልቅ አልነበር?»

«መጨረሻ ላይ ማን ጠረገው?» አልኳት።

«አንቺ ነሻ!»

ለካ እኔ ነኝ... ረስቼው።

ግንቦት 14፣ ሐሙስ

መርከቡ አልሄደም። አንሶላውን ቤት ውስጥ ሰቀልኩት። አይደርቅም፣ ይሸታል።

ግንቦት 17፣ እሑድ

ሃና አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ጥቀርሻው አልለቅም ያለውን አንሶላ ለክርክሩ አውሺኝ አለች።

«የሆቴል ዕቃ ነው! ደግሞስ የኛን ጉድ ለሰው ልታሳዪ ነው?»

«የኛ ጉድ አይደለማ!» አለች። ቆይታ፣ «ወይስ የኛም አለበት?» አለች፤ ለራሷ ነው።

ሰጠኋት። እንዳይቀደድ ብዬ አስምያታለሁ።

ግንቦት 22፣ ዓርብ

ክርክሩ ዛሬ ሆነ። ሳምሶንም መጣ፤ ሃና ናት የጠራችው። ከጎኔ ተቀመጠ።

መጀመሪያ የወዲያኛው ጎን ልጅ ተነሣ። «አውሮፓና አሜሪካ ከመቶ ዓመት በላይ ከሰል ሲያነዱ እኛ የት ነበርን? እነሱ በሞቃቸው እኛ ልንጠየቅ ነው?» አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም አጨበጨብኩ። እውነቱን ነዋ!

ከዚያ ሃና። አንሶላውን ዘረጋችው።

«ብዙውን ያጠፉት እነሱ ናቸው፤ አልክድም» ብላ ጀመረች። አስተማሪዋ ጉሮሮውን ጠረገ። እሷ ቀጠለች። «ይሄን ጥቀርሻ ያመጣው መርከብ ባንዲራው የፓናማ ነው። ፓናማ የለሁበትም ትላለች። ባለቤቱ ግሪክ ነው፤ አከራይቼዋለሁ ይላል። ስንዴው የአሜሪካ ነው፤ ሸጫለሁ ትላለች። ዳቦውን የምንበላ እኛ ነን፤ እኛም ድሆች ነን እንላለን። እዚሁ ያለው ጎረቤታችን ደግሞ የነፋሱ ነው አለ።»

ሰው ሳቀ። ሳምሶን አልሳቀም።

«ሁሉም የኔ አይደለም አለ። ታዲያ ማን አጠበው? እናቴ። ፓናማን በካርታ ነው ያሳየኋት። ብዙ ያጠፋ ብዙ ይጠብ፣ ትንሽ ያጠፋ ትንሽ ይጠብ። ጨርሶ እጁን የማያርስ ግን አይኑር።»

የተላጠ እጄን ነጠላዬ ውስጥ ከተትኩ። እንባዬ መጣ... አፍሬ አይደለም። ምን እንደሆነ እንጃ።

ተሸነፈች። የተቃራኒዋን ሐሳብ አምናለች ተብሎ ነጥብ ተቀነሰባት። እሷ ምንም አልመሰላት፣ የተንጨረጨርኩት እኔ ነኝ። ሳምሶን ደህና እደሩ እንኳ ሳይለን ሄደ። ተቀይሞ ይሆን?

ግንቦት 25፣ ሰኞ

ረፋድ ላይ ራዲያ ከግንቡ ማዶ ትጮኻለች። «ዓባይነሽ! አንሺ! አንሺ!»

ምን ሆነች ብዬ ብወጣ፣ ሳምሶን ከወደብ ወደ ሱቋ ደውሎላት ነው። «መርከቡ ጭስ ማውጫውን ሊያራግፍ ነው፣ ንገሪያት» ብሏታል። ሁለታችንም ሮጥን። የመጨረሻውን አንሶላ ይዘን ስንገባ ጥቁሩ ወረደ። አንድም አንሶላ አልነካም!

አቶ ጫኔ አንሶላውን አገላብጦ አየና ዝም ብሎ ተቀበለ። የሱ ምስጋና ይሄ ነው።

ማታ ሳምሶንን «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው፣ «እኔ ምን አደረግሁ?» ብሎ ገባ። አልተቀየመም።

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ

ያ መርከብ ሄዷል፤ ሌላ መጥቷል። ባንዲራውን አልጠየቅሁም።

አንሶላ ሰቅዬ ገበያ ደርሼ ብመጣ ገመዱ ባዶ ነው። ተሰረቅሁ! እሪ ልል አፌን ስከፍት፣ አንሶላዎቹን አልጋዬ ላይ አየኋቸው። ታጥፈዋል። አስተጣጠፋቸውስ... ወንድ ነው ያጠፈው፣ ያስታውቃል። ሁሉም ግን ነጭ ናቸው።

ወደ ጓሮ ብዞር ሳምሶን በካናቴራ ብቻ ሆኖ ሳፋዬ ላይ ጎንበስ ብሏል። ሸሚዙ ከነኮሌታው በጥቀርሻ ተዥጎርጉሯል።

«መርከቡ ሊያራግፍ ሲል የራዲያ ስልክ እምቢ አለኝ። ሮጬ መጣሁ» አለ። እስካሁን ያለከልካል።

«አምጣው፣ እኔ ልጠብልህ።»

«ተይው እትዬ። ይሄኛውን እኔ ነኝ የማጥበው።»

በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩና አየሁት። ኦሞዬን ፈጀው። ኮሌታ እንዴት እንደሚታሽ እንኳ አያውቅም። ውሃው እስከ ጉልበቱ አርሶታል። ሃና ከትምህርት ቤት ስትገባ አየችው፤ ሄዳ የሚያለቀልቅበት ውሃ ቀዳችለት።

ጨምቆ ሰቀለው፣ የኔ አንሶላ ከነበረበት ገመድ ላይ። ኮሌታው ላይ ትንሽ ጥቁር ቀርታለች። አይቻታለሁ፤ አልነገርኩትም።