በታሸገ ጋራዥ ውስጥ ራሷ የምትነሳው መኪና

ለተሽከርካሪና ጋራዥ ብቃት ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ለእርስዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ደህንነት፣ ለወንበርዎም ምቾት ከልብ እመኛለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ይህን የምጽፍልዎ ከጋራዤ ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው፤ ውስጥ ገብቼ እንዳልጽፍ በሩ ላይ የእርስዎ ማኅተም አለ።

ሙደሲር አብዱሰመድ እባላለሁ። ጌጃ ሰፈር ሃያ ሁለት ዓመት የመኪና ኤሌክትሪክ ሠርቻለሁ። ኮሌጅ አልገባሁም፤ ያስተማሩኝ የተበላሹ መኪኖች ናቸው፣ እነሱ ደግሞ ዲፕሎማ አይሰጡም። ምስጋናዬን በቁጥር አድርጌዋለሁ፤ እናንተ ዘንድ ቁጥር የሌለው ወረቀት አይነበብም።

1. በቅድሚያ ለንጽሕና ወዳድነታችሁ አመሰግናለሁ። የሰፈራችን ጡረተኛ ነርስ ወይዘሮ ሀረገወይን ሃይብሪድ መኪናቸውን ለቦሎ ምርመራ ሲያመጡ መኪናዋ ምንም አልነበራትም። መርማሪያችሁ ኮፈኑን ከፍቶ "የሞተር ቁጥሩ አይታይም፣ አሳጥበው ይምጡ" አላቸው። ይሄ የድሮ ናፍጣ መኪና ልማድ ነው፤ ግማሽ ጎኗ ኤሌክትሪክ በሆነ መኪና ላይ ውሃ በግፊት እንዲረጭ ያዘዘ ሰው ግን ምስጋና ይገባዋል። ጣቢያችሁ አጠገብ ያለው ላቫጆ አጠባት። ቁጥሩ እንደ ብር አበራ። መኪናዋ ተመልሳ ሰልፉ ላይ ሁለቴ ተንዘፍዝፋ፣ ቀይ መብራት አብርታ ቀጥ አለች። ቅጹ ላይም "ቁጥሩ ይነበባል፤ መኪናው አይንቀሳቀስም" ተብሎ ተጻፈ።

2. ደረጃ ወዳለው፣ እናንተ ወደምታውቁት ጋራዥ ስለላካችኋቸውም አመሰግናለሁ። ሦስት ሳምንት ግቢው ውስጥ አቁሟት ከረመና ኮምፒውተር ሰካ። ኮምፒውተሩ "ከሞተር ቦታ ሴንሰር ወሬ አይደርሰኝም" አለ። ጋራዡም "ኤሌክትሪክ ሞተሩ በሙሉ ይቀየር" ብሎ ማኅተም መታ። ሞተሩ አገር ውስጥ እንደሌለም በትሕትና ነገራቸው።

3. ወይዘሮዋ መኪናዋን አስጎትተው እኔ ጋ አመጧት። የእኔ ጥፋት ይሄ ነው፦ ለካሁ። ይህ ሴንሰር ሞተሩ ሲዞር በየቅጽበቱ የቱ ጋ እንደደረሰ ለመኪናዋ ለራሷ ኮምፒውተር የሚናገር ነው፤ እሱ ዝም ካለ ኮምፒውተሩ መኪናዋን አያንቀሳቅስም። ስድስት ሽቦ አለው፣ ሦስት ጥንድ። ሞተሩ ጋ በቴስተር ስለካ ሦስቱም ጥንድ ይናገራል፤ ሴንሰሩ ደህና ነው ማለት ነው። ሶኬቱን ገጥሜ ኮምፒውተሩ ጋ ስለካ ግን ሁለቱ ተናገሩ፣ አንዱ ጭጭ። እንግዲህ በሽታው መሐል ላይ ነው። ሶኬቱን ነቅዬ ባየው የላቫጆው ውሃ ገብቶ አንዷን እግር አረንጓዴ አድርጎ በልቷታል። ቀየርኳት፣ አደረቅኩ፣ መኪናዋ ሄደች። ልኬቱን ሁሉ ጽፌ አመጣሁላችሁ። ባለሙያችሁ ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን አየ፣ ማኅተም ፍለጋ። "አንተ ማነህ?" አለኝና አድራሻዬን መዘገበ።

4. አድራሻዬን የፈለገው ሊያመሰግነኝ መስሎኝ ነበር። ማክሰኞ ከሰዓት "ያለ ብቃት ማረጋገጫ ይሠራል" ብላችሁ ልታሽጉ መጣችሁ። መኪናዋ የመጨረሻ ሙከራ ላይ ሆና እንደበራች ነበረች። "ጌታዬ፣ መኪናዋ እየሠራች ነው፣ አንዴ ላጥፋት" ብዬ ለመንኩ። ባለሙያችሁ ጆሮውን ኮፈኑ ላይ ለጠፈና "የታለ ድምፁ? ወንድም፣ ሥራችንን አታስተጓጉል" አለኝ። ሃይብሪድ ስትቆም ድምፅ እንደሌላት፣ ባትሪዋ ሲቀንስ ብቻ የቤንዚን ሞተሯን ራሷ እንደምታስነሳ ላስረዳው አፌን ስከፍት በሩ ተዘጋ።

5. ለማስጠንቀቂያ ግን እንዴት ፈጣን ናችሁ! ረቡዕ ጠዋት "ታሽጎም ይሠራል" የሚል ጥቆማ ይዛችሁ ደረሳችሁ። እሽጉ አልተነካም፣ ውስጥ ሞተር ይጮኻል። ባለሙያችሁ ቆርቆሮውን እየደበደበ "ሙደሲር! ውጣ! ሰምተንሃል!" ይላል። እኔ ከኋላው ቆሜያለሁ። ፊት ለፊት ሱቅ ያለው ሳኒ "ጋሼ፣ ሙደሲር እኮ ይኸውና! ማንን ነው የሚጠሩት?" ቢለውም አልዞረም። ልክ ያኔ ባትሪዋ ሞላና መኪናዋ ጸጥ አለች። "አያችሁ፣ ሲሰማን ተደበቀ!" ተባለ፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ሁለተኛ በር ተፈለገ። ፈርሜ የተቀበልኩት ማስጠንቀቂያ "ባልታወቀ በር እየገባ" ይላል። በሩ ሲታወቅ እባክዎ ለእኔም ይንገሩኝ፤ እገባበታለሁ።

6. አቤት ስል የተሰጠኝ መልስ፦ "መኪናዋ ለምርመራ ቀርባ ካለፈች እሽጉ ይነሳል።" መኪናዋ ያለችው እሽጉ ውስጥ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ በላይ መቀለድ አቃተኝ። የወይዘሮ ሀረገወይን ባለቤት አቶ ገብረጊዮርጊስ ግማሽ ጎናቸው ከተያዘ ወዲህ በሳምንት ሦስቴ ለእግራቸው ሕክምና የሚሄዱት በዚህች መኪና ነው፤ ሚኒባስ ላይ መውጣት አይችሉም። እግራቸው ትንሽ ትንሽ መንቀሳቀስ ጀምሮ ነበር። ወር ሆናቸው ከቀሩ። ትናንት ወይዘሮዋ መጥተው ድንጋዩ ላይ አጠገቤ ተቀመጡ። ሞተሯ ስትነሳ ፊታቸው በራ፤ "ሙደሲርዬ፣ ደህና ናት ማለት ነው?" አሉኝ። "ደህና ናት እትዬ" አልኩ። የቀረውን አልነገርኳቸውም። ማክሰኞ ቤንዚኗ ከሩብ በታች ነበር። እሱ ሲያልቅ ትልቁን ባትሪ መጥጣ ትጨርሰዋለች፤ ባዶ ከሆነ በኋላ እሱን የሚያስነሳ መሣሪያ እኔም የለኝ፣ ደረጃ ያለው ጋራዥም የለው።

የምለምነው አንድ ደቂቃ ነው። ባለሙያችሁ ራሱ ይግባ፣ ያጥፋት፣ ወጥቶ መልሶ ያሽግ። እኔ ደጃፉን አልረግጥም።

ለማኅተምዎ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ ዲፕሎማም በርም የሌለኝ፣ ቴስተሬ እንኳ ውስጥ የታሸገብኝ ታዛዥዎ፣

ሙደሲር አብዱሰመድ
ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር
ሐሙስ፣ ግንቦት 10 ቀን 2009 ዓ.ም.

ከፊርማዬ በኋላ የተጨመረ፦ አሁን ፈርሜ ሳልጨርስ ሞተሯ ተነሳች፤ ሁለቴ አስላ ጠፋች። ባትሪ ሞልቶ አይደለም፣ ድምፁን አውቀዋለሁ። ነገ ባለሙያዎችዎ መጥተው ጆሯቸውን በሩ ላይ ቢለጥፉ ምንም አይሰሙም፤ "ሙደሲር ታዘዘ፣ ሥራ አቆመ" ብለው ይጽፋሉ። አዲስ ቅጽ እንዳያባክኑ አደራ። "መኪናው አይንቀሳቀስም" የሚለው የድሮው ቅጻችሁ ይበቃል፤ ቁጥሩም እንደሆነ አሁንም ይነበባል።