ማንጎ ቶሎ ስለማያልቅ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

ሲፈን ዱባውንም ተፋችው። በማር ለውሼ፣ በማንኪያ እምቢ ስትል በጣቴ አድርጌ፣ «እይ ወፏ፣ እይ ወፏ» እያልኩ አፏ ውስጥ አስገባሁ። ተሳካልኝ ስል ምላሷን አውጥታ ቀሚሴ ላይ አራገፈችው። «ዲዴ!» አለች። እምቢ ማለቷ ነው። ገና ሁለት ዓመት ከአራት ወሯ ነው። ከኦሮምኛውም ከአማርኛውም ይቺን ቃል ግን አጥርታ ይዛታለች።

ትናንት ጤና ጣቢያ ወስጃት ነበር። አራት ቀን ሆዷ ደርቆ፣ ፖፖ ላይ ተቀምጣ ፊቷ እስኪቀላ አምጣ፣ መጨረሻ ላይ ደም አየሁ። ነርሷ መዘነቻትና ቀንሳለች አለችኝ። ምን ትበላለች ስትለኝ አፈርኩ። ዳቦ፣ ፓስታ፣ ብስኩት፣ ሻይ በስኳር። አለቀ። «አዴ አስቴር፣ ይሄ ሁሉ እኮ ሆድ የሚያደርቅ ነው» አለችኝ። ፍራፍሬ፣ ጎመን፣ ካሮት፣ ዱባ፣ ብዙ ውኃ። በሁለት ሳምንት ካልተሻላት ወደ ሆስፒታል ትጽፍልኛለች።

የሚገርመኝ ድሮ እንዲህ አልነበረችም። እናቷ ለሊሴ፣ የእኔ ትልቋ ልጅ፣ ከፋሲካ በኋላ ሥራ አግኝታ አንገር ጉቲን እስክትሄድ ድረስ ሲፈን ሙዝ ከነልጣጩ ልዋጥ የምትል ልጅ ነበረች። አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ አንድ ቦታ አያድርም። ለሊሴ ይዛት ልትሄድ ፈልጋ ነበር። እኔ ነኝ «ቆላ ነው፣ ወባ አለ፣ አራት ልጅ ያሳደግሁ ሴት አንድ ሕፃን ያቅተኛል?» ብዬ ያስቀረኋት። ይኸው አቃተኝ።

የለሊሴ ሥራ ግብርና ነው። ለገበሬው ሚስት ስለ ጓሮ አትክልት ታስተምራለች። ልጇ እዚህ ነቀምቴ ካሮት ባየች ቁጥር ትሮጣለች። ሳቅ ቢመጣልኝ እስቅ ነበር።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

የዛሬውን ለዚህ ደብተር ካልሆነ ለማንም አልናገርም።

ጠዋት ፓፓያ ጨመቅሁ። በብርጭቆ እምቢ አለች፣ በጡጦ እምቢ አለች። ንዴትም ፍርሃትም ያዘኝ፤ ያ ደም ከዓይኔ አልጠፋም። እናቴ እኛን አብሽና ተልባ እየጋተች ነው ያሳደገችን። አፍንጫ ይዞ፣ መዳፍን እንደ ጭልፋ አፍ ላይ ገጥሞ ማንቆርቆር ነው። እኔም አራቱን ልጆቼን ጋትኩ። ማንም ምንም አልሆነም ብዬ ጭኔ ላይ አጋደምኳት።

ሦስት ጊዜ ዋጠች። በአራተኛው ትን አላት። ጌታ ሆይ! ፊቷ ተለዋወጠ። ገልብጬ ጀርባዋን መታሁ፤ ፓፓያውም የጠዋት ሻይዋም አንድ ላይ ወጣ።

ከዚያ በኋላ አላለቀሰችም። የከበደኝ እሱ ነው። ከጭኔ ወረደችና የስፌት መኪናዬ ስር ገብታ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠች። የተማሪዎቹን ዩኒፎርም ዛሬ አደርሳለሁ ብዬ ነበር፤ አንድም ሳልሰፋ ዋልኩ። ፔዳሉን ብረግጥ እግሯን እነካለሁ። ውጪ ብላት ደግሞ የምትወጣልኝ አልመሰለኝም።

ከሰዓት ለሊሴ ደወለች። ትበላለች ወይ አለችኝ። «ኧረ ምን ትላለሽ! ማንጎ ብትይ ብቻዋን ነው የምትጨርሰው፤ ጎመን ብትይ ጎመን!» አልኳት። ከአፌ እንዴት እንደወጣ እንጃ። «ውይ እማ፣ ጌታ ይባርክሽ» ስትል ድምጿ ሲላላ ሰማሁት። ቅዳሜ ፈቃድ አግኝታለች፣ ትመጣለች።

ስልኩን ዘግቼ ሲፈንን አየኋት። ቢያንስ አትናገርብኝም ብዬ አሰብኩ። እንዲህ ያለ ሐሳብ በዚህ ዕድሜዬ!

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

እስካሁን የሞከርኩት፦
ካሮት ፈቅፍቄ ፓስታ ውስጥ። አንድ በአንድ ለቅማ አወጣች። ጣቷ መርፌ ነው።
ሙዝ በወተት መትቼ። አሽትታ ገፋችው።
ጎመን በቅቤ። ቅቤውን ልሳ ጎመኑን መለሰችልኝ።
ብርቱካን። ኳስ ነው ብላ አንከባለለችው። እሺ፣ እሱ ጊዜ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ።
በመዝሙር፣ በማባበል፣ በቁጣ፣ በጸሎት።

ዛሬ ራሷ ዓይታ ትምረጥ ብዬ አትክልት ተራ ወሰድኳት። ሙኒራ ጋ ሄድን። የጉራጌ ልጅ ናት፤ እዚህ ገበያ ሃያ ዓመት ስትነግድ ኦሮምኛዋ ከኛ አገር ሰው አይለይም። «አካም ጂርቱ፣ እንዴት ነዎት አዴ አስቴር! ዛሬስ ልዕልቷን ይዘው መጡ!» ብላ የበሰለ ማንጎ ልጣ ለሲፈን ሰጠቻት። ሲፈን ተቀበለች። ደስ አለኝ፤ እንዳላፈጥባት ብዬ ወደ ሽንኩርቱ ዞር አልኩ። ዞር ብቻ ነው ያልኩት፤ አንድ እርምጃ አልሄድኩም።

ጩኸቷ ገበያውን አናጋው። ማንጎውን መሬት ጥላ፣ ቀሚሴን በሁለት እጇ ጨምድዳ፣ «አኮ ሂን ዴሚን! አኮ ሂን ዴሚን!» አያቴ አትሂጂ፣ አትሂጂ ትላለች። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። አንዷ ባለ ቲማቲም «ሴትዮዋ ልትሸጣት ነው እንዴ?» ብላ አሳቀችብኝ።

ሙኒራ ግን አልሳቀችም። ማንጎውን አንስታ በሽርጧ እየጠረገች፣ «አዴ፣ ይቺ ልጅ ማንጎ አልጠላችም። ማንጎ ስትቀበል ሰው የሚጠፋባት መስሏት ነው» አለችኝ። ከዚያ «የትኛው ሞኝ ነው እንዲህ ያደረጋት?» አለች።

እኔ ነኛ። እኔ ነኝ ሞኟ።

ለሊሴ የሄደች ቀን መናኸሪያ ነበርን። ልጇን ስማ ልትሰናበታት ፈልጋ ነበር። «ታስለቅሻታለሽ፣ ዝም ብለሽ ውጪ» ብዬ ዓይኔን ጠቀስኩላት። እኛ ልጅ ፊት ደህና ሁኚ አንልም፤ አታለን፣ ደብቀን፣ በጓሮ ነው የምንወጣው። እናቴም፣ የእናቴም እናት እንዲሁ ናቸው። መጀመሪያ ሙዝ ልገዛላት ነበር። ሙዝ ሁለት ጉርሻ ነው፣ ቶሎ ያልቃል ብዬ ተውኩትና ማንጎ ገዛሁ። ማንጎ ቶሎ አያልቅም። ልጅ እስከ ፍሬው ድረስ ትመጠምጠዋለች፣ እጇ ይጨማለቃል፣ ዓይኗ ሌላ አያይም። እንዴት ያለ ብልሃት ነው ብዬ ኮርቼ ነበር።

ሚኒባሱ ወጥቶ ከሄደ በኋላ ነው የጨረሰችው። አገጯ ቢጫ ሆኖ፣ ፍሬውን ከፍ አድርጋ ይዛ፣ «ማማ?» ብላ ዞረች። ለእናቷ ልታሳያት ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ እምቢ የምትለው እኔ እያባበልኩ የምሰጣትን ሁሉ ነው። ዳቦና ፓስታ ማንም አያባብላትም፤ ፊቷ ይቀመጣል፣ ትበላለች። በ«እይ ወፏ» የሚመጣውን ግን አታምነውም። እውነቷን ነው። ወፍ የለም።

ዓርብ፣ ግንቦት 8

ዛሬ ከአጠገቧ በተነሳሁ ቁጥር ነገርኳት። ቧንቧ ጋ ልሄድ ነው፣ እመለሳለሁ። ልብስ ላሰጣ ነው፣ እመለሳለሁ። ሽንት ቤት ልሄድ ነው፣ እመለሳለሁ። ሰባት ጊዜ ነገርኳት፣ ሰባት ጊዜ ተከተለችኝ። ሽንት ቤቱ በር ላይ ቆማ ቆርቆሮውን ስትደበድብ ጎረቤት ሰምቶ ጉድ አለ።

ምግብ አላባበልኩም። ዳቦዋን በላች። ፖፖ ላይ ዛሬም አለቀሰች። ሞቅ ያለ ውኃ ውስጥ አስቀመጥኳትና ትንሽ ቀለላት።

ለለሊሴ እውነቱን ልነግራት ደወልኩ። «መንገዱ እንዴት ነው፣ ጭቃ ነው?» ብዬ ጠይቄ ዘጋሁት።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

መጣች። ልጄ ከስታለች፣ ጠቁራለች። ሲፈን ወደ እናቷ የምትሮጥ መስሎኝ በሩን ከፍቼ ዞር አልኩላት። አልሮጠችም። ከኋላዬ ገብታ ቀሚሴን ፊቷ ላይ ጋረደች። ለሊሴ ጭቃው ላይ ተንበርክካ እጇን ዘርግታ ቆየች። «ምን ያመጣሁልሽ ይመስልሻል ሲፈንዬ?» ብላ ከያዘችው ፌስታል ውስጥ ማንጎ አወጣች። የአንገር ማንጎ፣ የሕፃን ራስ የሚያህል። ሙሉ ፌስታል! ብቻዋን ትጨርሳለች ያልኳት እኔ አይደለሁ?

ሲፈን ማንጎውን አየች፣ እናቷን አየች፣ ከዚያ ጮኸች። የሐሙሱን ጩኸት። «ማማ ሂን ዴሚን!» ሳትመጣ አትሂጂ አለቻት ልጄን፤ ገና ደጃፍ ላይ ቆማ።

ለሊሴ ማንጎውን እንደያዘች ቀረች። ወደ እኔ ቀና ስትል ከዚህ በላይ መዋሸት አልቻልኩም። ቡና አፍልቼ፣ ምግብ አቅርቤ፣ አረፍ ብላ እነግራታለሁ ያልኩትን ሁሉ እዚያው በር ላይ ዘረገፍኩት። ሆዷን፣ ደሙን፣ ፓፓያውን፣ ትን ማለቷን፣ በስልክ ያልኩትን፣ ሙኒራ ስለ ማንጎው ያለችኝን።

ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ጫማዋን ፈታች፣ ገባች፣ ቁጭ አለች። ከዚያ ምን አለችኝ? «እማ፣ ማንጎውንስ እኔም ተስማምቼ ነው የሄድኩት። እኔ እኮ እዚያ በአንቺ ቃል ነው የምተኛው። በላች ስትይኝ እተኛለሁ። አሁን ምን ይዤ ልተኛ?»

ተነስቼ ቡናውን ጣድኩ።

ወደ ማታ ሲፈን እየተጎተተች ሄዳ እናቷ እግር ላይ ራሷን አሳረፈች።

እሑድ፣ ግንቦት 10

ቤተ ክርስቲያን አልሄድንም። ለሊሴ ነገ ጠዋት ሥራ መግባት አለባት። ተማክረን ወሰንን፤ ሲፈን እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ድረስ እዚህ ከእኔ ጋር ትቆያለች። ያኔም ካልበላች ለሊሴ ሆስፒታል አሳይታ፣ አጎበር ገዝታ፣ ወባውም ይምጣ ብላ ትወስዳታለች። «ከአንቺ ልነጥላት ፈልጌ አይደለም» አለችኝ። አውቃለሁ። ግን ቤቱ ያለ ሲፈን ምን ይመስላል? ለእሷ ብዬ ነው የምለው ሁሉ ግማሹ ለራሴ ነው።

መናኸሪያ ሦስታችንም ሄድን። ማንጎ የለ፣ ብስኩት የለ። ለሊሴ ቁጢጥ ብላ፣ ዓይኗን እያየች፣ ሥራ ልሄድ ነው፣ ቅዳሜ እመጣለሁ አለቻት። ሳመቻት። ሲፈን ከአንገቷ ላይ አልላቀቅ አለች። ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈታሁ። የፈታሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ ማን ይፍታ? ረዳቱ «ኧረ ሰዓት ሄደ!» ይላል። ባለ ቆሎዋ ሴትዮ ደግሞ «ምን ዓይነት ጭካኔ ነው! ከልጅ ተደብቀሽ ትሄጃለሽ እንጂ ፊቷ ላይ?» ብላ ለሊሴን ሰደበቻት። ከወር በፊት ብትሆን እኔም ከሴትዮዋ ጋር አብሬ እሰድብ ነበር።

ሚኒባሱ ሲወጣ ሲፈን አየችው። እስኪታጠፍ ድረስ አየችው። ቤት እስክንደርስ አለቀሰች። ዳቦም አልበላች።

ሰኞ፣ ግንቦት 11

ሌሊቱን ጥሎ ያደረው ዝናብ ጠዋትም አላቆመም። አንገር የሚወርደው መንገድ በዝናብ እንዴት እንደሚሆን አውቃለሁ። ቅዳሜ ብለን ቃል ገብተናል፤ መኪና ቢቀርስ? ቃል መስጠትም እንደ ማንጎው ሊሆን ነው እንዴ? ይሄ ነው ያስጨነቀኝ።

ሲፈን ስትነቃ «ማማ?» አለች። «ሄደች። ሥራ። ትመጣለች» አልኳት። ቀድሞ ቢሆን «እዚህ ጓዳ ናት» እል ነበር። አየችኝ፣ አየችኝና፣ «በመኪና» አለች። አዎ በመኪና። ስትሄድ አይታታለች። አላለቀሰችም።

ለሊሴ ደወለችና ጠየቀችኝ። «ግማሽ ዳቦ፣ ሻይ፣ አትክልት ምንም» አልኳት። «እሺ እማ፣ ስለነገርሽኝ ጌታ ይባርክሽ» አለች። እንዲህ ያለ ወሬ ነግሬ ቀሎኝ አያውቅም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12

ለራሴ አልጫ ልሠራ ድንችና ካሮት ቀቅዬ፣ መሬት ቁጭ ብዬ ትሪ ላይ ስከትፍ ሲፈን መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ምንም አላልኩም። አላየሁም፣ አልሰጠሁም፣ ወፍም አልጠራሁ። ዓይኔን ከቢላዋው አልነቀልኩም፤ አምሳ ዓመት የሞላኝ ሴት ካሮት ፊት!

ጀሪካኑ ባዶ ነበር። «ውኃ ልቀዳ ነው፣ እመለሳለሁ» አልኳት። ተነሳሁ። በሩ ጋ ደርሼ የእግሯን ድምፅ ጠበቅሁ። አልመጣም። ቧንቧው ቀጭን ነው የሚወርደው፤ ያን ያህል ረዝሞብኝ አያውቅም። አንድ ጊዜ «አኮ!» ብላ ተጣራች፣ «አለሁ!» አልኩ፣ ጸጥ አለች።

ስመለስ እዚያው ነበረች። ጉንጯ ያበጠ መሰለኝ። ከትሪው ላይ አንድ ቁራጭ ካሮት ጎድሏል፣ ምናልባት ሁለት። እኔን ስታይ ማኘኳን አቆመችና አፏን በእጇ ሸፈነች። ጀሪካኑን አስቀምጬ ፊቴን ወደ ድስቱ አዞርኩ።

ትዋጠው ወይ ወንበሩ ስር ትትፋው አላውቅም። ጎንበስ ብዬም አላየሁም።