የማተሚያ ቤቱ ባለቤት

ሙሽሪት፣

የሠርግ ጥሪ ካርዶችሽን አልጋሽ ላይ ዘርግቻቸዋለሁ። የማህተሙ ቀለም ስላልደረቀ እንዳትደራርቢያቸው፤ ጋደም ማለት ካማረሽ እኔ አልጋ ላይ።

ፎጣሽን ቀይ ቀለም ነክቶታል። ይቅርታ። አጥቤው ነበር፣ ባሰበት።

ትናንት ለአማትሽ በስልክ "ካርዱን ማተሚያ ቤት ነው ያሠራሁት" ስትያቸው ሰማሁሽ። እኔ እዚያው አጠገብሽ የካርዶቹን አበባ በእጄ እያተምኩ ነበር። ሥራ ይዤ ስለነበር ማተሜን ቀጠልኩ።

ዛሬ ጠዋት በር ተንኳኳ፤ አማትሽ። የላክሽላቸውን ናሙና ወደውት፣ ለታናሽ ልጃቸው ሠርግ ያንኑ ማተሚያ ቤት ይፈልጋሉ። ቀለም የነካው እጄን ከኋላዬ ደብቄ አነጋገርኳቸው።

"ባለቤቱ ምን ዓይነት ሰው ነው?" አሉኝ።

"ሙሽሪትን ይጠይቋት፤ ከባለቤቱ ጋር አንድ ቤት ነው የምትኖረው" አልኳቸው።

ማታ ሊጠይቁሽ ይመጣሉ። እኔ ውጪ አመሻለሁ።