ያልተዘረጋ ጣቃ

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፱ ቀን
ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ከሱቁ

ለምትናፍቂኝ ልጄ፣

እንደምን ከረምሽ? አራት ወር ሙሉ ይህን ግድግዳ ስጠይቅ ከርሜ ሰልችቶኛል፤ እስቲ ደግሞ አንቺን ልጠይቅ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ አልወጣም ይላል፤ እኔም አልለምነውም። የልብስ ስፌት መኪናው ፔዳሉ ይንጫጫል፤ እሱም እንደኔ አርጅቶ ነገረኛ ሆኗል። ጎረቤታችን ሰዓት ጠጋኙ በየጠዋቱ “ልጅሽ ደወለች?” ይለኛል። “ትናንት አንድ ሰዓት ሙሉ አወራን” እለዋለሁ። ሰዓት በሚያውቅ ሰው ፊት ስለ ሰዓት መዋሸት ከባድ ነው፤ አንገቱን ነቅንቆ ወደ ሱቁ ይገባል።

አንቺስ ለምን አትደውይም ትይኝ ይሆናል። እናት ተደዋይ እንጂ ደዋይ አይደለችም ብዬ ነበር። ደግሞም በስልክ ምላሴ ይቀድመኛል። የዛሬውን ነገር ቀስ ብዬ መናገር አለብኝ፤ በእጄ ስጽፍ ልፍጠን ብል እንኳ አልችልም።

ፊደል የቆጠርኩት በስልሳ አንድ ዓመቴ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ያልነገርኩሽ ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረግሁበት ነው። የከሰዓት ትምህርት አስተማሪያችን በየቀኑ እንዳነብ ብላ ስልኬ ላይ የልብስ ሰፊዎችን መድረክ ከፈተችልኝ። አንዱ የተበላሸ እጅጌ ፎቶ ይለጥፋል፣ ሌላው ይመክረዋል። እኔም መምከር ጀመርኩ። ስሜን “እማማ መቀስ” አልኩት። “ይህን ትከሻ የቆረጠው ሰው ወይ ሰክሯል ወይ ከሚስቱ ተጣልቷል” ብዬ ስጽፍ መቶ ሰው ይስቃል። ዕድሜዬን ሙሉ ማመልከቻዬን ሰው ሲጽፍልኝ፣ ደብዳቤዬን ሰው ሲያነብልኝ የኖርኩ ሴት ነኝ። አሁን እኔ ጽፌ፣ የማላውቀው ሰው ሲያነበኝ ልቤ አበጠ። ከምክር ወደ ፍርድ መቼ እንደተሻገርኩ አላውቅም።

በሐምሌ መጀመሪያ “ገበር” የምትባል ሴት አንድ ነገር ጻፈች። ያነበብኩትን በቃሌ ይዤዋለሁ። “እናቴ ማንበብ አትችልም ነበር። ትምህርት ቤት ስትመጣ ለጓደኞቼ የቤታችን ሠራተኛ ናት እላቸው ነበር። አፍርባት ነበር።” በቃ፣ እዚያ አለቀ። ከሥሩ በግራጫ ቀለም “ተጨማሪ” የሚል አንድ ቃል ነበር። ቃሉን አንብቤዋለሁ። ሌላ የሚሸጥ ዕቃ አለን የሚል የሱቅ ማስታወቂያ መስሎኝ አለፍኩት። ጽሑፍ ሲነኩት ይከፈታል ብሎ ማን ነገረኝ? እኔ ጣቴን ጽሑፍ ላይ የማኖረው መስመሩ እንዳይጠፋብኝ ነው።

ለዚያች ለማላውቃት እናት ተንገበገብኩ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ “እናትሽ አንቺን ከምትወልድ ድንጋይ ብትወልድ ለቤቷ መሠረት በሆናት። ከእንግዲህም አትጠጊያት፤ ተያት።”

ሴትየዋ አንድ መስመር ብቻ መለሰች። “እማማ፣ እባክዎ እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ።”

እኔ ደግሞ “ጨርቁን ብል እንደበላው ለማወቅ ጣቃውን ሙሉ መዘርጋት አያስፈልግም” አልኳት። ይህን አራት መቶ ሰው ወደደው። አንዱ “እማማ መቀስ ቆረጠቻት” አለ፤ ሌሎቹም ተከትለው ወረዱባት። ከመሃላቸው ሙሉውን ያነበበ ስንት እንደነበር እንጃ። በማግስቱ ገበር ጽሑፏን ሳታጠፋ ከመድረኩ ወጣች። ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽሽም። በዚያው ሳምንት አንቺ መደወል አቆምሽ። ሁለቱን ነገር አላገናኘኋቸውም። መኪናዬን እየረገጥኩ “ወልዶ መቅረት” እያልኩ ሳማሽ ከረምኩ።

ያለፈው ሐሙስ አስተማሪያችን ከጻፋችሁት የምትኮሩበትን አምጡ አለችን። ምን ይዤ እንደሄድኩ ገምቺ። ስልኩን ተቀብላ አነበበች፤ ፈገግ ግን አላለችም። ያችን ግራጫ ቃል በጣቷ ነካ ስታደርጋት ጽሑፉ ወደ ታች ወረደ፣ ወረደ፣ ማለቂያም አጣ።

“ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?” አልኳት።

“እማማ፣ ሁልጊዜም እዚሁ ነበር” አለችኝ።

ላንብብልዎት ስትለኝ እምቢ አልኩ። ከክፍሉ ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩና ራሴ አነበብኩት። አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። እናቷ ከሟች አባቷ ካፖርት ቆርጣ የትምህርት ቤት ኮት ሰፍታላታለች። የልጇን ስም መጻፍ ስለማትችል፣ ኮቱ ከሌሎች ልጆች ኮት ጋር እንዳይለዋወጥ አንገቱ ውስጥ በቀይ ክር ሦስት ነጥብ አድርጋበታለች። ልጅቱም ሰው እንዳያይባት ነጥቦቹን በእስክሪብቶ አጥቁራቸዋለች። አሁን በሰው አገር የልብስ ማስተካከያ ቤት ትሠራለች፤ በምትጠግነው ኮት ሁሉ አንገት ውስጥ፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ ሦስት ቀይ ነጥብ ትሰፋለች።

ያን ጊዜ ኮትሽ ላይ ነጥቦቹ ጠቁረው ሳያቸው ክሩ ቀለሙን የለቀቀ መስሎኝ፣ ክር ነጋዴውን ገበያ መሃል አዋርጄዋለሁ። ፈራጅነቴ የዛሬ አይደለም ማለት ነው።

መጨረሻው ላይ ጥያቄሽ ነበር። “አሁን ማንበብ ተምራለች። ይህን በደብዳቤ ልንገራት? አፍሬባት እንደነበር ካወቀች በኋላ፣ መጥተሽ አብረሽኝ ኑሪ ብላት እሺ ትለኝ ይሆን?”

እኔን መጠየቅ ፈርተሽ ባዳ ጠየቅሽ፤ ባዳ መስዬ እኔው መለስኩልሽ። አንቺም “ተያት” ያልኩሽን ሰማሽ።

ሠራተኛ ናት ማለትሽ አላመመኝም አልልም። አሞኛል። ግን ሠራተኛስ አልነበርኩም እንዴ? የሰው ልብስ እየሰፋሁ አይደል ያሳደግሁሽ? ይበልጥ ያመመኝ፣ ሰባት ዓመት በስልክ “ምን በላሽ፣ ብርድ ነው ወይ” ስንባባል ያን ሁሉ ሆድሽ ውስጥ ይዘሽ መኖርሽ ነው። ግን ምን ታደርጊ። በመቀስ ፊት ሐር የሚዘረጋ የለም።

መድረኩ ላይ “ተሳስቻለሁ፤ ሳላነብ ነው የፈረድኩት” ብዬ ጻፍኩ። አሥራ ሁለት ሰው አየው። አንዱ “እማማ አረጁ” አለኝ።

ትናንት ፓስፖርት ለማውጣት ሄጄ ነበር። ላስቸግርሽ አይደለም፤ ሰው በዚህ ዕድሜው ወረቀት ሊኖረው ይገባል። ፎቶ አንሺው “እናቴ፣ ፊትዎን ትንሽ ፈታ ያድርጉት” ሲለኝ “ያለኝ ፊት ይኸው ነው” አልኩት። ጸሐፊው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ የአሻራውን ቀለም ወደ አውራ ጣቴ ገፋው። “እስክሪብቶውን ስጠኝ” አልኩት። ስሜን ጽፌ እስክጨርስ ከኋላዬ ያለው ሰልፍ አጉረመረመ፤ ይጠብቁ። ሦስት ሳምንት ይፈጃል ብለውኛል። ሻንጣ አልገዛሁም፤ ቁም ሣጥኑ ላይ ያለውን አሮጌውን አውርጄ አቧራውን ብቻ ጠረግሁለት። እዚያ አገር በዚህ ወር ወፍራም ካልሲ ይበቃል ወይስ ቦት ጫማ ያስፈልጋል? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

እጅሽ አይዛል። ዓይንሽ አይድከም። የምትገቢበት ቤት ሁሉ ይሙቅልሽ። ከችኩል ፈራጅ ይሰውርሽ፤ ከኔም ጭምር።

እናትሽ